በቀን የምትናከሰው ትንኝ፦ ድሬዳዋ ስለ ቺኩንጉንያና ደንጊ ያልተነገራት

በ2011 ዓ.ም ሐምሌ መገባደጃ ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ድንገት የሚያተኩስና መገጣጠሚያን አስሮ የሚይዝ ሕመም ታየ። ጠዋት ሥራ የዋለ ሰው ማታ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፣ ጣቶቹን ማጠፍ አቅቶት ይተኛል። አንድ ሰው የተኛበት ቤት ብዙ ሳይቆይ ሦስትና አራት ታማሚ ያለበት ቤት ይሆናል። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ቺኩንጉንያ መሆኑ ታወቀ። መስከረም 2012 ሲገባ የታማሚው ቁጥር 20 ሺህ ገደማ መድረሱ ተዘገበ፤ ከዚያ በኋላም ማሻቀቡን ወዲያው አላቆመም።

ከተማዋ እንዲህ ስትመታ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ፣ በአገራችን የመጀመሪያው የተረጋገጠ የደንጊ ወረርሽኝ የተነሣው እዚያው ድሬዳዋ ነው። ያኔ የታመመው ሰው ከ11 ሺህ ይበልጣል። ቺኩንጉንያም ደንጊም በቫይረስ የሚመጡ ናቸው፤ በከተሞቻችን ሁለቱንም በዋናነት የምታዛምተው አንዲት የትንኝ ዝርያ ናት፤ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ለሁለቱም የለም። ከዚያ ወዲህም ደንጊ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ደጋግሞ ታይቷል። በ2015 ዓ.ም በአፋር ሎጊያና ሚሌ ላይ ብዙ ሕዝብ አልጋ ላይ ጥሏል።

ሁለት ጊዜ እንዲህ የተመታ ሕዝብ በሽታውን ጠንቅቆ ያውቃል ብሎ መገመት ይቀላል። ስለ ትንኝ ሲወራ ግን ከብዙ ሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ዛሬም ወባ ነው። ከወባ ጋር ደግሞ ረግረግ፣ ምሽትና አጎበር ተከታትለው ይመጣሉ። ይህ ከየትም የመጣ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዓመታት በየቤቱ እየዞሩ፣ ሬዲዮው እየደጋገመ፣ ትምህርት ቤቱ በፈተና እየጠየቀ ያሰረፀው እውቀት ነው። ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ስለዚህ ሕዝቡ ትምህርት አልሰማም የሚለውን ወቀሳ አልቀበለውም። ሰምቷል፣ ይዟልም። ችግሩ የያዘው ትምህርት የሌላ ትንኝ ትምህርት መሆኑ ነው።

ቺኩንጉንያንና ደንጊን የምታዛምተው ትንኝ ኤደስ ኤጂፕቲ ትባላለች። ጠቆር ያለች፣ እግሮቿ ላይ ነጫጭ ቀለበት ያለባት ትንሽ ትንኝ ናት። ጠባይዋ ከለመድናት የወባ ትንኝ በብዙ ይለያል። የወባዋ ማታ ትናከሳለች፤ ይህችኛዋ በቀን። በጣም የምትበረታው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታትና ከመጥለቋ በፊት ባለው ጊዜ ነው፤ ጥላ ባለበት ክፍል ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ ልትናከስ ትችላለች። ድሬዳዋ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የከተማዋን አዋዋል የሚያውቅ ይረዳዋል። የቀትሩ ሙቀት ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፤ ሰው ሽርጡን አሸርጦ፣ እግሩን ዘርግቶ ጥላ ውስጥ ያርፋል፤ በርጫው ይሞቃል። የዚህች ትንኝ ንክሻ ደግሞ የሚያዘወትረው ቁርጭምጭሚትና ባትን ነው። ማታ ከአጎበር ውስጥ የገባ ሰው ከዚህች ትንኝ ንክሻ ትልቁን ድርሻ ቀን ላይ ወስዶ ጨርሷል።

ሁለተኛው ልዩነት መኖሪያዋ ነው። የወባ ትንኝ ስንል የወንዝ ዳር ኩሬ፣ የመስኖ ቦይ፣ ረግረግ ሜዳ ይታየናል። ኤደስ ከሰው ቤት አትርቅም። ከአልጋ ሥር፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ ከተሰቀለ ልብስ ውስጥ ታርፋለች። እንቁላሏን የምትጥለውም ሰው ለራሱ ባስቀመጠው ንጹሕ ውሃ አጠገብ ነው፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ ለውዱዕ የተቀመጠ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት በር ላይ የሚቆም ባልዲ። የዝናብ ውሃ የሚይዝ ነገር ሲገኝ ደግሞ ጎሚስታው ደጅ የተከመረ ጎማ፣ ቆርቆሮ እንዳይነሣ ጣሪያ ላይ የተጫነ አሮጌ ጎማ፣ የዶሮ መጠጫ፣ የተጣለ ጣሳ ሁሉ ያገለግላታል።

የእንቁላሉን ነገር ረጋ ብለን እንየው፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና። ትንኟ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በበርሜሉ የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። ደቃቃ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ ይመስላል፤ ካልተፈለገ አይታይም። ይህ እንቁላል ደርቆ ለወራት መቆየት ይችላል። ውሃው ከፍ ብሎ ሲነካው ይፈለፈላል፤ በሙቀት ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚበር ትንኝ ይሆናል።

አሁን ይህን ከድሬዳዋ የውሃ ፈረቃ ጋር እናገናኘው። ቧንቧው ሁልጊዜ ስለማይመጣ ቤተሰቡ በመጣ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ተነሥቶ፣ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይሞላል። በሚቀጥሉት ቀናት ውሃው እየተቀዳ ዝቅ ይላል፤ ከውሃው በላይ ያለው እርጥብ ግድግዳ ለትንኟ የሚመች ቦታ ይሆናል። በርሜሉ ግን እስከ ታች አይደርቅም፤ ነገ ውሃ ይመጣ አይመጣ የማያውቅ ሰው በርሜሉን አራግፎ አያደርቅም። ቧንቧው ሲመጣ በቀረው ላይ ይሞላል። ውሃው ከፍ ሲል የተለጠፈው እንቁላል ይረጥባል፤ አንድ ትውልድ ትንኝ ይፈለፈላል። የፈረቃው ሰሌዳ ሳያስበው የትንኝ መፈልፈያ ሰሌዳ ሆኗል።

ይህን ያልተገነዘበ መልእክት ቢደገም ፍሬ አያፈራም። «የታቆረ ውሃ አፍስሱ» የሚለው ምክር ኩሬና የጎማ ውስጥ ውሃ ላይ ይሠራል። ሌሊት ተነሥታ፣ ጀሪካን እየጎተተች በርሜሏን ለሞላች እናት ግን ትርጉም የለውም። እሷ ውሃዋን «የታቆረ» አትለውም፤ ለልጆቿ መጠጥና ለእንጀራው ያስቀመጠችው ንጹሕ ውሃ ነው። «አፍስሺ» ብትባል ልክ አይደላችሁም ትላለች፤ እውነቷንም ነው። ስለዚህ ዘመቻ ሲጠራ ሰው አካፋ ይዞ ወደ መንገድ ዳር ቦይና ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይወጣል፤ ቆሻሻ ይጠርጋል፣ ኩሬ ያዳፍናል። ቆሻሻ መጥረጉ ለብዙ ነገር ይበጃል፤ ጣሳና ጎማ ከተነሣም ትንኟን ይጎዳል። ከበሩ ጀርባ ያለው በርሜል ግን እንዳለ ይቀራል።

ከዚህ የሚከፋው በሽታውን ከቆሻሻ ጋር ብቻ ማያያዝ ነው። «ንጽሕናችንን ባለመጠበቃችን ነው» የሚል አነጋገር ሲለመድ፣ ግቢው የጸዳ ሰው እኔን አይመለከተኝም ብሎ ይቀመጣል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዛፍ ጥላ ባለው ሰፊ ግቢ፣ የሮቶ ክዳን ተሰብሮ ለዓመት የቆየበት ቤት፣ ከገንደ ቆሬ ጠባብ ግቢ ያላነሰ ትንኝ ሊያፈራ ይችላል። ትንኟ የምትፈልገው ክዳን የሌለው ውሃና በአቅራቢያው የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን በቀላሉ ማየት ይቻላል፤ ማንኛውም ቤተሰብ ዛሬ ማታ ሊሞክረው ይችላል። የስልክ መብራት ይዛችሁ ወደ በርሜላችሁ ውስጥ አብሩ። እጭ ካለ፣ ውሃው አናት ላይ ቁልቁል ተንጠልጥለው የተሰለፉ ቀጫጭን ነገሮች ታያላችሁ። እጃችሁን አሳልፋችሁ ጥላ ጣሉባቸው፤ እየተወዛወዙ ወደ ታች ይጠልቃሉ፤ ጥቂት ቆይተው ለመተንፈስ ይመለሳሉ። ብዙ ሰው ይህን ዓይቶ «የውሃ ትል ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ በጨርቅ አጥልሎም ይጠቀምበታል። በራሪዋ ትንኝና ይህ «ትል» አንድ መሆናቸውን በዓይኑ ያየ ልጅ ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ይማራል። ጥቂት እጭ በግልጽ ብርጭቆ አድርጎ፣ አፉን በነጭ ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አስሮ ክፍል ውስጥ ማሳየት ለአንድ መምህር የሚከብድ ሥራ አይደለም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትንኟ ከጨርቁ ሥር ትገኛለች። ካዩ በኋላ ብርጭቆውን እንደታሰረ የፈላ ውሃ አፍስሶበት መግደልን ብቻ አይርሱ።

ትንኟ ሩቅ አትበርም። አብዛኛውን ጊዜ ከተፈለፈለችበት ቦታ ከሁለት መቶ ሜትር ብዙም አትርቅም። የነከሰችኝ ትንኝ ያደገችው በእኔ ወይም በጎረቤቴ ግቢ ነው ማለት ነው። ሰፈር ከሰፈር፣ ከተማ ከከተማ ቫይረሱን የሚያሻግረው ሰው ነው። የታመመ ሰው ትኩሳቱ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ገደማ በደሙ ውስጥ ብዙ ቫይረስ አለ፤ በእነዚያ ቀናት የነከሰችው ትንኝ ቫይረሱን ወስዳ ከቀናት በኋላ ለሌላ ትሰጣለች። ድሬዳዋ ደግሞ ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባቡር ሐዲድ የተመሠረተች መተላለፊያ ናት፤ ከጅቡቲ፣ ከጅግጅጋ፣ ከሐረር፣ ከአዋሽ ሰውና ዕቃ በየቀኑ ይገባባታል። ቺኩንጉንያ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ፣ በ2018 በሱዳን ከሰላ ታይቶ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ሲደርስ በከተማዋ ለዚህ ቫይረስ የመከላከል አቅም የነበረው ሰው ጥቂት ስለነበር እንደ ልቡ ተስፋፋ።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ቀላል ምክር አለ፤ ጎልቶ ሲነገር ግን አይሰማም። በቀን አጎበር ውስጥ መተኛት ያለበት ሕመምተኛው ነው። አጎበር ለደንጊና ለቺኩንጉንያ አይጠቅምም የሚል ንግግር አለ፤ ለጤነኛው እውነትነት አለው። ለታማሚው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ቀንም ሌሊትም አጎበር ውስጥ መሆኑ ቤተሰቡን ይጠብቃል። ቀን ለሚተኙ ሕፃናትና ለአልጋ ቁራኛ አዛውንትም እንዲሁ።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው እንሂድ። የሕዝብ ግንዛቤ ሲባል እናትና አባት ብቻ የሚጠየቁበት ልማድ ልክ አይደለም፤ ግንዛቤው በመጀመሪያ መታየት ያለበት ካርድ ክፍሉና ላቦራቶሪው ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው አተኩሶት፣ ራሱን አሞት፣ ወገቡንና መገጣጠሚያውን ቆርጥሞት ክሊኒክ ቢሄድ መጀመሪያ የሚደረግለት የወባ ምርመራ ነው። ተገቢ ነው፤ ወባ ይገድላል፣ ቶሎ መታወቅ አለበት። ውጤቱ ነጻ ሲሆን ግን ምን ይከተላል? አብዛኞቻችን መልሱን እናውቀዋለን፤ «ታይፎይድና ታይፈስ»። ለእነዚህ ሁለቱ በየክሊኒኩ የሚሠራው ርካሽ የደም ምርመራ ዛሬ ያለን በሽታ ከቆየ ንክኪ አጥርቶ አይለይም፤ ታማሚ ያልሆነን ሰውም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ታማሚው አንቲባዮቲክ ይዞ ይወጣል። ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ይለቀዋል፤ መድኃኒቱ ሠራ ይባላል። የቫይረሱ ስም በመዝገቡ ላይ ሳይሰፍር ያልፋል።

ቫይረሱን አረጋግጦ የሚለየው ምርመራ በየክሊኒኩ የሚገኝ አይደለም፤ ናሙናው ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተልኮ ነው ወረርሽኝ የሚረጋገጠው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብለው ከተመለሱ፣ ናሙና የሚልክ አይኖርም፤ ከተማዋ ስሙን የምትሰማው በሽታው ሰፈሩን ካዳረሰ በኋላ ነው። ወባው ነጻ የሆነ፣ ሽፍታ ወይም ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለው፣ በአንድ ሰፈር የተደጋገመ ትኩሳት ሲታይ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ መደወል ምንም ዓይነት መሣሪያ አይጠይቅም። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሐኪምም ለሚያተኩሰው ሰው «ሰሞኑን ወደ ድሬ፣ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ አፋር ወርደህ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ቢያስቀድም ብዙ ይገኝበታል።

የመድኃኒቱ ጉዳይ ሕይወት ይነካል፤ ስለዚህ በዝርዝር መጻፍ አለበት። ቺኩንጉንያ የሚገድለው አልፎ አልፎ ነው፤ አራስ ሕፃናትን፣ አዛውንትንና ሌላ በሽታ ያለባቸውን ግን ሊያጠቃ ይችላል፤ ወላዷ በምጥ ሰሞን ከታመመች ለሕፃኑ ሊተላለፍ ይችላል። ዋና ጉዳቱ መገጣጠሚያ ላይ የሚተወው ሕመም ነው። ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ለሳምንታት፣ በአንዳንዱም ለወራት ይቆያል። ለቀን ሠራተኛ፣ ለሹፌር፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ሸክም ተሸክሞ ለሚያድር ሰው ይህ ማለት እጅ ጨብጦ መሥራት አለመቻል ነው። ደንጊ ግን ይገድላል፤ ከቺኩንጉንያ ጋር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪምም በዓይን አይለያቸውም።

የመገጣጠሚያ ሕመም ሲበረታ ሰው ወደ ፋርማሲ ሄዶ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይጠይቃል፤ የዲክሎፌናክ መርፌም ለማንኛውም ቁርጥማት የተለመደ ነው። ሕመሙ ደንጊ ከሆነ እነዚህ መድኃኒቶች፣ አስፕሪንም ጭምር፣ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ደንጊ እንዳልሆነ እስኪታወቅ ድረስ ለትኩሳትና ለሕመም የሚወሰደው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም በተባለው መጠን ብቻ። ከዚያ ዕረፍትና ብዙ ፈሳሽ፤ ሕይወት አድን ጨው የተበጠበጠበት ውሃ፣ አጥሚት፣ ጭማቂ።

ሌላው ሰው የማያውቀው፣ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ደንጊ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ትኩሳት ሲወርድ «ተሻለው» ማለት ልማዳችን ነው። በደንጊ ግን ብዙውን ጊዜ አደጋው የሚመጣው በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን መካከል፣ ትኩሳቱ መውረድ ሲጀምር ነው። በዚያ ሰዓት ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም መፍሰስ፣ መቁነጥነጥ ወይም መፍዘዝ፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ ከታየ ሰዓት ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ደንጊ አራት ዓይነት ቫይረስ አለው። በአንዱ የታመመ ሰው ለዚያኛው ይከላከላል፤ በሌላኛው ለሁለተኛ ጊዜ ቢያዝ ግን ሕመሙ የመክበድ ዕድሉ ይጨምራል። «እኔ በ2006 ታምሜ ድኛለሁ፣ አልፈራም» የሚል የድሬ ሰው ካለ ከሌላው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት እሱ ነው።

ስለ ርጭትም መባል ያለበት አለ። ወረርሽኝ ሲነሣ ሕዝቡ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ርጭት ነው፤ አስተዳደሩም ሊያሳየው የሚቀለው እሱን ነው። በየመንገዱ የሚነፋው የኬሚካል ጭስ የሚገድለው በዚያች ሰዓት በአየር ላይ ያገኘውን ትንኝ ነው። ቤት ውስጥ መጋረጃ ሥር ያረፈችዋን ብዙ ጊዜ አያገኛትም፤ በርሜል ውስጥ ያለውን እጭ ጨርሶ አይነካውም። በሳምንቱ አዲሶቹ ይወጣሉ። በወረርሽኝ ጊዜ ስርጭቱን ለማብረድ ከሌላው ሥራ ጋር ተደምሮ ይረዳ ይሆናል፤ ብቻውን ግን ሰው «ተረጭቷል» ብሎ በርሜሉን እንዲረሳ ያደርጋል።

ውሃ ውስጥ የሚጨመረው «አቤት» (Abate) የተባለው ፀረ እጭ ኬሚካል ከዚህ ይሻላል፤ በመጠኑ ሲጨመር ለመጠጥ ውሃም የተፈቀደ ነው። ይሁን እንጂ ሽታውን የማይወድ ብዙ ሰው አለ፤ ለልጄ የማጠጣው ውሃ ውስጥ መድኃኒት አይገባም የሚል ወላጅም አለ። ይህን ጥርጣሬ «አለማወቅ» ብሎ ማለፍ ሰውን ያስቀይማል። የሚጨምረው ባለሙያ ምን እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚሠራ፣ በርሜሉ ታጥቦ ከተደፋ ጥቅሙ እንደሚቀር በቤቱ ቋንቋ ተቀምጦ ማስረዳት አለበት። ድሬ ውስጥ ደግሞ የቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ ወይም ሐረሪ ሊሆን ይችላል፤ በአንዱ ብቻ የተጻፈ ፖስተር ግማሹን ከተማ ያልፈዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ በቅርብ ዓመታት አዲስ ነገር ተጨምሯል። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች፤ ድሬዳዋም ገብታለች። ይህች ትንኝ ወባ ታስተላልፋለች፣ የምትራባው ግን ኤደስ በምትራባባቸው በርሜሎች፣ ሮቶዎችና የግንባታ ገንዳዎች ውስጥም ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ የመዘገበችው የወባ ታማሚ 205 ነበር፤ በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። የዘርፉ ተመራማሪዎች ጭማሪውን ከዚህች ትንኝ ጋር አያይዘውታል። እንግዲህ ወባ የገጠርና የረግረግ ነው የሚለው የቆየ ትምህርትም ለዚህች ከተማ አልበቃ ብሏል። በርሜሉን የዘጋ ቤተሰብ በአንድ ክዳን ቺኩንጉንያን፣ ደንጊንና ይህችን አዲስ የወባ ትንኝ በአንድ ላይ ይከላከላል። ለትምህርቱ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሦስት በሽታ በሦስት ዘመቻ ማስተማር አያስፈልግም።

ከተማዋ በሽታውን የምትረሳበት ምክንያትም አለ። በ2011 እና በ2012 ያ ሁሉ ሰው ከታመመ በኋላ ቺኩንጉንያ የጠፋው በርሜሉ ስለተከደነ አይመስለኝም። በቺኩንጉንያ አንዴ የታመመ ሰው ለረጅም ዓመታት ይከላከላል፤ ቫይረሱ የሚይዘው አዲስ ሰው ሲያንስበት ከሰመ። ከተማዋ ግን ዘመቻው አጠፋው ብላ አመነች። ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ሕፃናትና ከገጠር ለሥራ የገቡ ወጣቶች ያ መከላከያ የላቸውም። በየዓመቱ ቁጥራቸው ይጨምራል። ትንኟም፣ በርሜሉም፣ ፈረቃውም እንዳሉ ናቸው።

ታዲያ መልእክቱ ምን ይሁን? በእኔ እይታ ከፈረቃው ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። በርሜልን ማጠብ የሚቻለው ባዶ ሊሆን በተቃረበበት ሰዓት፣ ማለትም ውሃ ሊመጣ ሲል ነው። «ነገ ማታ ለእነዚህ ሰፈሮች ውሃ ይለቀቃል» የሚል ማስታወቂያ በከተማዋ ሬዲዮ ሲነገር፣ ተከትሎት «ከመሙላታችሁ በፊት የበርሜላችሁን ግድግዳ በብሩሽ ወይም በጆንያ ቁራጭ ፈትጉ፣ እጣቢውን ደረቅ መሬት ላይ ድፉ» ቢባል ሰው ያደርገዋል። ማፍሰስ ብቻውን በቂ አይደለም፤ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራልና መፈተግ ያስፈልገዋል። ከሞላ በኋላ ክዳን፤ ክዳን ከሌለ ቀዳዳ የሌለው ጨርቅ ወጥሮ በጎማ ማሰሪያ ማሰር። በላዩ ላይ የተጣለ ሳንቃ ወይም ትሪ አይበቃም፤ ትንኟ በጣት ስፋት ክፍተት ትገባለች። ይህ ግን የሚሠራው የውሃው ፈረቃ ቀድሞ ሲታወቅና ሲጠበቅ ነው። ውሃ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው የቀረችውን ውሃ ደፍቶ በርሜል አያጥብም፤ ማንም በዚህ ሊወቅሰው አይችልም። ስለዚህ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣኑ ፈረቃውን አክብሮ ማሳወቁ የጤና ሥራ ነው፤ የጤና ቢሮውም በዚህ ሊጠይቀው ይገባል።

ትምህርት ቤቶች በክረምት ተዘግተው ሲቆዩ ግቢያቸው ውስጥ ያለ ጎማ፣ የተሰበረ ገንዳና የተረሳ ሮቶ ውሃ ያጠራቅማል። ተማሪው መስከረም ላይ ሲመለስ ጠረጴዛ ሥር እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጠው ትንኟ በምትነቃበት በጠዋቱ ሰዓት ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለምዝገባ የሚከፈተው በር ለዚህ ፍተሻ ቢከፈት፣ ከዚያም በየዓርቡ አንድ ክፍል ተማሪ የግቢውን ውሃ መያዣ እንዲያይ ቢመደብ በቂ ነው።

የበርሜል ክዳን ጉዳይ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ለአንድ ዙር ርጭት የሚወጣው የኬሚካል፣ የነዳጅና የውሎ አበል ወጪ በየወረርሽኙ ይደጋገማል፤ አንድ ጊዜ የተሠራ ልክ ያለው ክዳን ግን ለዓመታት ያገለግላል። በአንድ ቀበሌ ያሉ በርሜሎችን ቆጥሮ መጀመር ይቻላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ግቢዎቹን ያውቋቸዋል። ክዳኑን ቆርጠው የሚሠሩ ብየዳ ቤቶች ድሬ ውስጥ በየመንገዱ ሞልተዋል፤ የሚቀረው ከርጭቱ በጀት ላይ ለክዳን የሚሆነውን መድቦ ግዢውን ከክረምቱ በፊት ማዘዝ ነው።